«ችግሩ ከኮምፒውተራችሁ ነው»

አርባ ምንጭ ውስጥ ሠርግ የደገሰ፣ ልጅ ያስመረቀ ወይም አዛውንት አባቱን አስቀርጾ ያስቀመጠ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማት አይቀርም። ሲቀላም ያው ናት፣ ሴቻም ያው ናት። ገንዘቡ ተከፍሏል። ፍላሹ በሚያምር ካርቶን ተደርጎ ተሰጥቷል። ቤት ተገብቶ ሲሰካ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወይም ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ የለም። ወይም ሙሽሪት ከንፈሯን ካንቀሳቀሰች ከሁለት ሰከንድ በኋላ «እሺ» ትላለች። ወይም ደግሞ የሳሎኑ ሪሲቨር ፋይሉን ጭራሽ አላየሁም ብሎ ቁጭ ይላል። ስቱዲዮ ተመልሰው ሲሄዱ መልሱ አንድ ነው፤ «እኛ ጋ ይሠራል። ችግሩ ከኮምፒውተራችሁ ነው።»

የዛሬው ሙግቴ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። አቋሜን ከፊት ላስቀምጥና እንከራከር፤ የደንበኛው ቤት ያልተከፈተ ቪዲዮ አልቆ አልተሰጠም። ኤዲተሩ ስንት ሌሊት ቢያድርበት፣ ቀለሙን ቢያሳምረው፣ ድሮን ቢያስነሳበት፣ ሥራው ገና ግማሽ ነው። ልብስ ሰፊ «እኔ ስለብሰው ልክ ነው፤ ችግሩ ከሰውነትህ ነው» ቢለን ምን እንደምንመልስለት እናውቃለን። ለኤዲተር ሲሆን ግን አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። ለምን? ስለማናውቅ። እስቲ እንወቅ።

ሣጥኑና ዕቃው

አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው የፋይሉን ስም ከፋይሉ ይዘት ጋር ከማምታታት ነው። «ኤም.ፒ.4 ነው የሰጠሁህ» ይላል ባለሙያው። እውነቱን ነው፤ ግን ኤም.ፒ.4 ሣጥን ነው። ኤ.ቪ.አይ፣ ኤም.ኦ.ቪ፣ ኤም.ኬ.ቪ የምንላቸውም ሣጥኖች ናቸው። በሣጥኑ ውስጥ ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ታጭቀው ይቀመጣሉ። የሚታጨቁበት ዘዴ ነው ኮዴክ የሚባለው። ሁለት ሣጥን ከውጭ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ዕቃ የታሰረበትን ቋጠሮ ኮምፒውተርህ መፍታት ይችላል፣ የሌላውን ግን አያውቀውም። ድምፅ ብቻ የሚሰማህ ለዚህ ነው፤ የድምፁ ቋጠሮ ተፈትቷል፣ የምስሉ አልተፈታም። የፋይሉን ስም ከኤም.ኦ.ቪ ወደ ኤም.ፒ.4 መቀየር ደግሞ የሣጥኑን ታርጋ መቀየር ነው። ውስጡ ያው ነው።

አሁን አገሩን ያመሰው ቋጠሮ ኤች.265 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ከቀደመው ከኤች.264 ይልቅ ፋይልን በጣም ያሳንሳል፤ በዚህ ይመሰገናል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ሶፍትዌሩ 11ኛ እትም ላይ ሲደርስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር በዚሁ እንዲቀርጽ ተደረገ። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን የዚህን ቋጠሮ መፍቻ ማይክሮሶፍት በራሱ መደብር በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጠው ነበር። ሳንቲሙ ጥቂት ነው። ግን በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚከፈል 99 ሳንቲም ለአርባ ምንጭ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማይክሮሶፍት አላሰበውም። እንግዲህ የእናታችን ላፕቶፕ ጥፋቱ ምንድነው?

ሁለተኛው ቋጠሮ ከካሜራው ይመጣል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች በ10 ቢት፣ 4:2:2 በሚባለው የቀለም አያያዝ ይቀርጻሉ። ይህ ቀለም ለማረም ግሩም ነው፤ ለኤዲተሩ ሀብት ነው። ነገር ግን ብዙ ስልክና ላፕቶፕ፣ ሳሎን ያለው ሪሲቨርም፣ በውስጣቸው የተሠራላቸው የቪዲዮ መፍቻ 8 ቢትና 4:2:0 ብቻ ነው የሚያውቀው። ኤዲተሩ ከካሜራው የመጣውን አቋም ሳይለውጥ አውጥቶ ሲሰጥ፣ ወጥ ቤት ያለውን ድስት ከነምድጃው ነቅሎ ለእንግዳ እንደማቅረብ ነው። እንግዳ የሚቀርብለት በሳህን ነው፤ ምድጃው ወጥ ቤት ይቀመጥ።

ሦስተኛው የድምፁ መዘግየት ነው። ስልክ ሲቀርጽ ፍሬሙን እኩል አይቆጥርም፤ ብርሃን ሲያንሰው ያዘገያል፣ ሲበዛለት ያፈጥናል። ካሜራው በሴኮንድ 25 ፍሬም እየቆጠረ፣ የአጎት ልጅ ስልክ ደግሞ አንዴ 30፣ አንዴ 27 እያለ የቀረጹት አንድ ላይ ሲሰፋ፣ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ልዩነት ሰዓት ሲሞላው ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የስልኩን ቪዲዮ ከመስፋት በፊት ወደ ቋሚ ፍሬም መቀየር። አሥር ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል። ያን አሥር ደቂቃ ነው የተነፈግነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚያስቀው ነው። ፍላሾች ብዙዎቹ ፋት32 በሚባል ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው። ይህ ሥርዓት ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የወጣ ቪዲዮ በሰዓት 4.5 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ሠርግ እንኳ አይገባም! ባለሙያው ይህን ሲያይ ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ ወደሚባል ሥርዓት ይቀይረዋል። የእሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ቤት ያለው አሮጌ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ግን ብዙ ጊዜ ኤክስፋትን አያነቡም። ቪዲዮውን በ45 በ45 ደቂቃ ቆርጦ «ክፍል 1፣ ክፍል 2» ብሎ ቢሰጥ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር።

ቪሲዲ ያስተማረችን

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ታላላቆቻችን በካሴት ዘመን ይህንኑ አይተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ሥርዓት ይሠራ ነበር፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም። አሜሪካ ደግሞ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ፤ 525 መስመር፣ 30 የሚጠጋ ፍሬም። እዚህ የተቀረጸ የእህት ሠርግ ካሴት ዋሽንግተን ሲደርስ እዚያ ያለው ማጫወቻ አይከፍተውም። እዚያ ያለው ወንድም ገንዘብ ከፍሎ አስቀይሮ ነበር የሚያየው። ያኔ ግን ጥፋቱ የሰው አልነበረም፤ ሁለት መንግሥታት ሁለት ሥርዓት መርጠው ነበር።

ከዚያ ቪሲዲ መጣች። ምስሏ ደካማ ነበር፤ 352 በ288 ፒክስል፣ ዛሬ የስልክ ስክሪን ላይ እንኳ ጭጋግ ይመስላል። አንዱ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ነበር። ለዚህ ነው ሠርጉ ሁሉ «ሲዲ 1» እና «ሲዲ 2» የነበረው። ግን አንድ ነገር ነበራት፤ ትከፈታለች። ጨንቻ ላይ፣ ካምባ ላይ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ቤት፣ ዲቪዲ ማጫወቻም ይሁን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ሲዲው ካልተጫረ በቀር ትከፈታለች። ምክንያቱ ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አንድ ደንብ ነበራት። የምስሉ ስፋት፣ የፍሬሙ ቁጥር፣ የድምፁ አስተሻሸግ ሁሉ ተቆርጦ የተሰጠ ነበር። ኤዲተሩ እንዳሻው የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

ዛሬ ነፃነት መጣ። ነፃነቱ ጥሩ ነው። ግን ደንቡን ፋብሪካው ሳያወጣልን ሲቀር፣ እኛው ለራሳችን ማውጣት ነበረብን። አላወጣንም። እያንዳንዱ ስቱዲዮ ሶፍትዌሩ ዕለቱን የሰጠውን ያወጣል። እናም ከ30 ዓመት በፊት የነበረችው ጭጋጋማ ቪሲዲ ያልከለከለችንን ዛሬ 4ኬ ከለከለን። ዕድገት ይሏል ይህ ነው!

ሦስቱ ማመካኛዎች

«ቪኤልሲ ጫኑ» የመጀመሪያው ነው። ቪኤልሲን እወደዋለሁ። የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለዓለም በነፃ የተለቀቀ፣ ያገኘውን ቋጠሮ ሁሉ የሚፈታ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ጎበዝ፣ ቪኤልሲ ሪሲቨር ላይ አይጫንም። ከጌሬሴ ማዶ የሚኖሩት አያት ቪኤልሲ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም። ደግሞስ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ 10 ቢቱ ኤች.265 በቪኤልሲም ቢከፈት እየተንተባተበ ነው የሚሄደው፤ ፕሮሰሰሩ አይችለውም። ገንዘብ የተቀበለ ባለሙያ መፍትሔውን ገንዘብ ወደከፈለው ሰው ማዞሩ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

«ጥራቱ ይቀንሳል» ሁለተኛው ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ የሚከበር ማመካኛ ነው፤ በከፊል እውነት ስለሆነ። ኤች.264 ተመሳሳይ ጥራት ለማምጣት ከኤች.265 የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፣ 8 ቢትም ከ10 ቢት ያነሰ ቀለም ይይዛል። እሺ። ታዲያ ማን ከለከለህ? ሁለት ፋይል አውጣ። አንዱ ለማስቀመጥ፣ በሙሉ ጥራት። ሌላው ለማየት፣ ሁሉም ቤት የሚከፈት። የማይከፈት ቪዲዮ ጥራቱ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ በታች አይቀነስም።

«ዩቲዩብ ላይ እንጭንላችኋለን» ሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ዩቲዩብ የተጫነለትን ሁሉ ራሱ በብዙ ዓይነት ቀይሮ ለየማጫወቻው የሚስማማውን ይሰጣል። ስቱዲዮው ያልሠራውን ሥራ ጉግል ይሠራለታል ማለት ነው። ግን ቻናሉ የማን ነው? የስቱዲዮው። ነገ ቻናሉ ቢዘጋ፣ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ ሐዋሳ ሄዶ ሌላ ሥራ ቢጀምር፣ ሠርጋችሁ አብሮ ይሄዳል። ደግሞ የቤት ገመናን ዓለም እንዲያየው የፈለገ ማነው? የሁለት ሰዓት ቪዲዮ በጥሩ ጥራት ለማየት የሚያስፈልገውን የኢንተርኔት ካርድስ ማን ይሞላል? ቴሌግራምም ያው ነው፤ እንደ ቪዲዮ ስትልከው ጨምቆ ያደበዝዘዋል፣ እንደ ፋይል ስትልከው ደግሞ ለተራው ተጠቃሚ 2 ጊጋ ባይት ላይ ይቆማል።

ስለ ሠርግ ብቻ አይደለም

«አንድ ሠርግ ባይከፈት አገር ይፈርሳል?» የሚል አይጠፋም። አይፈርስም። ግን እስቲ መስከረም 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ቡራዩና አካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግፍ የአርባ ምንጭ ወጣት ደሙ ፈልቶ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ሣሩን አልፎ መሄድ አልቻለም፤ ተመለሰ። ያ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ አገር አዳረሰ። ያልነበርን ሰዎች አየነው፣ አለቀስን፣ ጋሞ ማን እንደሆነ ያላወቀው ሁሉ አወቀ። ያን ምስል ኃይል የሰጠው የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው። ግን ደርሶ ባይታይ ኖሮ፣ በየእጃችን ባለው ርካሽ ስልክ ባይከፈት ኖሮ፣ የምናውቀው በወሬ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ያልታየውን አስቡ። በየዱቡሻው የሚደረገው ዕርቅ፣ የዮ ማስቃላ በዓል፣ የዶርዜ ሸማኔ ዱንጉዛውን ሲሠራ፣ በጋሞኛ ተረት የሚያወሩ እናቶች፣ ይህ ሁሉ ዛሬ ይቀረጻል። የሚቀርጸው ልጅ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ፍላጎት አለ። ቀርጾ፣ ሰፍቶ፣ በፍላሽ ሰጥቶ ይሄዳል። ተቀባዩ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ አዛውንቱ ሲያርፉ ቤተሰቡ ፍላሹን ፈልጎ ይሰካዋል። አይከፈትም። ስቱዲዮው ጋ ይሄዳሉ፤ ስቱዲዮው ጥሬውን ቀረጻ ለአዲስ ሥራ ቦታ ሲፈልግ አጥፍቶታል። ፕሮጀክት ፋይሉ ቢኖር እንኳ ጥሬው ከሌለ ባዶ ዝርዝር ነው። ድምፃቸው፣ ምርቃታቸው፣ የቋንቋው ጣዕም፣ ሁሉም አንድ ያልተስተካከለ ምርጫ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። መጽሐፍ ቢቃጠል እንጮህ ነበር። ይህ ጭስ የሌለው ቃጠሎ ነው።

የግርጌ ጽሑፍም አለ። በጋሞኛ የሚነገረውን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አድርጎ ማሳየት የሚመሰገን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬም በአሮጌ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ሶፍትዌር የሚጽፍ አለ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተለየ የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ሆኖ ሲከፈት የአራት ማዕዘንና የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል። ዩኒኮድ ተጠቀም፣ ለሚታየው ቅጂ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትመው። አለቀ።

«ደግሞ ሌላ ወጋጎዳ?»

የጋሞ ልጅ «ሁላችሁም አንድ ዓይነት አድርጉ» የሚል ሰው ሲሰማ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል የትምህርት ቋንቋ ከላይ አውጥተው ሲጭኑ ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። አንድ ማድረግ ማለት የሰውን አፍ መቀማት እንደሆነ ያኔ ተምረናል።

እኔ የምለው ግን ስለ ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ውስጡ የፈለገውን ይናገራል፤ ጋሞኛም፣ ዘይስኛም፣ አማርኛም። ፊልምህን ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ ቁም አድርገህ ቅረጸው፣ ሙዚቃ አታስገባበት፣ የራስህ ጉዳይ ነው። በሩ ግን ለሁሉም ይከፈት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለኤዲተሮች። ለማየት የሚሰጠው ቅጂ ይህን ይመስላል። ሣጥኑ ኤም.ፒ.4። ምስሉ ኤች.264፣ 8 ቢት፣ 4:2:0፣ 1920 በ1080፣ ቋሚ 25 ፍሬም። ድምፁ ኤ.ኤ.ሲ፣ ስቴሪዮ፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። መጠኑ በሴኮንድ 8 ሜጋ ቢት ያህል፤ በሰዓት 3.6 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል፣ በ45 ደቂቃ ሲቆረጥ ፋት32 ላይ ይገባል። 25 ፍሬም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በ25 ሲቀርጽ የአዳራሹ መብራት አይርገበገብም። ቀድሞ የወጣ ፋይል ካላችሁ ሀንድብሬክ እና ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ የሚባሉት በነፃ ይቀይሩታል። መብራት መሐል ላይ ጠፍቶ ሬንደሩን እንደሚያበላሽባችሁ አውቃለሁ፤ በክፍል በክፍል ስታወጡ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ከዚያ ፍተሻ። ስቱዲዮው ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ አንድ ሪሲቨር ይቀመጥ። ፍላሹ ከመታሸጉ በፊት በሦስቱም ይሰካ። መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን እዩ፤ የድምፅ መዘግየት የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ማክ ያለው ጓደኛ ካገኛችሁ በእሱም ሞክሩ፤ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ብዙ ጊዜ እሱን ነው የያዘው።

ለደንበኞች። ቀብድ ስትከፍሉ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፤ «ቤታችን ባለው ዕቃ ላይ ተከፍቶ ሲታይ ቀሪው ይከፈላል»። ድሮኑን፣ አልበሙን፣ የመኪናውን ጌጥ እየቆጠርን እንከራከራለን፤ መከፈቱን ግን አንጠይቅም። ያልጠየቅነውን ማን ይሰጠናል? ሙሉ ጥራት ያለውን ቅጂም ተቀበሉና በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽ ዕድሜው አይታመንም።

ለቢሮዎችና ለትምህርት ተቋማት። የባህል ዶክመንተሪ ስታሠሩ በውሉ ላይ «በኤችዲ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የመመልከቻው ቅጂ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሙሉው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ፣ ጥሬው ለስንት ዓመት እንደማይጠፋ ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነን፤ ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ ሞልቶናል። የከተማውን ስቱዲዮዎች ሰብስቦ አንድ ቅዳሜ ማስተማር ምን ይከብዳል?

ኤዲተሮቻችንን መሳደቤ አይደለም። አብዛኞቹ ማንም ሳያስተምራቸው፣ በተዋሱት ኮምፒውተር፣ ሌሊት ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያስተማሩ ልጆች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ስለማከብራቸው ነው ከአሮጌው ሰበብ ጋር እንዲኖሩ የማልፈልገው። ከነገ ጀምሮ ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ሲመለስ «ችግሩ ከኮምፒውተራችሁ ነው» ማለት ትታችሁ «አምጡት፣ እናየዋለን» በሉ። ይህችን የሚል የመጀመሪያው ስቱዲዮ የከተማውን ሠርግ ሁሉ ይወስዳል፤ ቢወስድም ይገባዋል።